የዓባይን ልጅ መብራት ጠማው!

(ከአሶሳ)

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉ ነበር አበው። ዘንድሮ ተረቱም አርጅቷል። ውሃው ተገድቧል፣ ተርባይኑም ይዞራል፤ የቀረው ለቤቱ ባለቤት መድረሱ ብቻ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ሰው ዛሬ የጠማው መብራት ነው!

ነገሩ ወዲህ ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለው በእኛው ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ላይ ነው። የካቲት 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! በአፍሪካ አንደኛ! ከአሶሳ እስከ ግድቡ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ለበረረ 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚህ ግድብ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን አዋጥቷል፣ ነጋዴው ቦንድ ገዝቷል፣ የጉሙዝ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነስተዋል። እሰየው ብለናል፤ ዛሬም እሰየው እንላለን። ከግድቡ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመብራቱ አካሄድ ጋር ነው።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። አሶሳ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ፣ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ የምኖር ሰው ነኝ። ኬዙን ከአንዱ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላው አግኝቼ፣ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን አዲስ አበባ ባለ ወዳጅ አስልኬ፣ ማሽኑ ነፍስ እንዲዘራ አደርጋለሁ። ደንበኞቼ ተማሪዎች፣ ፎቶ ቤቶች፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶችና (ምን አሳፈረኝ!) ጌም ተጫዋች ልጆች ናቸው። የወለጋው መንገድ በጸጥታ ችግር በተዘጋበት ዘመን ዕቃ ጠብቀን ጠብቀን ደክሞናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የዕቃው ዋጋም ተከትሎት ጣሪያ ነካ። ይህን ሁሉ ችለነዋል። ያልቻልነው መብራቱን ነው።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ ጠፍቶ የሚነሣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ዋናው ጉዳት መብራቱ ሲመለስ ነው። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ኃይል አንዴ ወርዶ፣ አንዴ ዘሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ይሞታል። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ግዙ እላለሁ። ዩፒኤስ ግን ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሰላም ለማጥፊያ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ውሎ አድሮ ለሚመጣ መብራት አይደለም። ባትሪውም በየጊዜው ባዶው እስኪቀር ሲመጠጥ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የአሶሳ ልጅ አንድ ኮምፒውተር ገዛ ሲባል የከፈለው የአንድ ተኩል ነው። ግማሹ የመብራት ቅጣት ነው። ያውም የግድቡ ባለ ሀገር ሆኖ!

ለመሆኑ የጉባ መብራት ወዴት ይሄዳል? ባለ 500 ኪሎ ቮልቱ ትልቁ መስመር ከጉባ ተነስቶ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይገባል። ወደ መሀል ሀገር ማለት ነው። ወገኖቻችን ናቸውና ቢበራላቸው አንመቀኝም። ነገር ግን ሌላም እንግዳ አለ።

በእኛ አገር «ቆፋሪ» ሲባል የምናውቀው ወርቅ ቆፋሪውን ነው። ከሼህ ሆጀሌ ዘመን ጀምሮ የቤኒሻንጉል ወርቅ ወደ መሀል ሲጓዝ ኖሯል። አሁን ግን አካፋ የማይዝ፣ ላብ የማያውቅ ቆፋሪ መጥቷል፤ የቢትኮይን ቆፋሪ ይሉታል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገሯ ስታባርራቸው ርካሽ መብራት ፍለጋ በዓለም ተበተኑ። ከተጠጉባቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ሆነች። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እንደዘገበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ቆፋሪዎች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል ነበረው፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ናቸው። ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ!

እኛ ኮምፒውተር ገጣጣሚዎች እነዚህን ሰዎች ዱሮ እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢቴሪየም የተባለውን ሌላውን የዲጂታል ገንዘብ ለመቆፈር የዓለምን ግራፊክስ ካርድ በጅምላ ጠራርገው፣ ለጨዋታ የተሠራውን ካርድ ከልጆች እጅ ነጥቀው ነበር። ኤንቪዲያ እንኳን መላ ቢያጣ አርቲኤክስ 3060 በተባለው ካርዱ ላይ የቁፋሮውን ፍጥነት የሚቀንስ ማነቆ አስገባ። ገበያው የተነፈሰው ኢቴሪየም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ቁፋሮን ሲተው ነው። ቢትኮይን ግን የሚቆፈረው ለዚሁ ብቻ በተሠራ ማሽን ስለሆነ አልቆመም። እንግዲህ መጀመሪያ በካርዳችን መጡ፤ ቀጥለው በመብራታችን!

ሒሳቡን እንሥራ። አንትማይነር ኤስ19 የሚባለው የቁፋሮ ማሽን 3,250 ዋት ይበላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በሉት፤ ልዩነቱ ይሄኛው ምጣድ ሌት ተቀን እንደተጣደ መዋሉና ማደሩ ነው። በቀን 78 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። እኔ የምገጥመው ደህና ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር 400 ዋት ቢወስድ፣ አንድ ልጅ በቀን አራት ሰዓት ቢጫወትበት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የአንዱ ማሽን ቀለብ ወደ 50 ለሚጠጉ ልጆች ይበቃል። አንድ መጋዘን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ማሽን በሺህ ይደረደራል።

በጣም የሚገርመው ሌላው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ዜጎች በክሪፕቶ እንዳይገበያዩ፣ ሕገወጥ መሆኑን አስታውቆ አስጠንቅቋል። ታዲያ ለእኛ ሕገወጥ የሆነውን ነገር የውጭ ኩባንያ በእኛው መብራት እንዲያመርተው ውል መፈረም ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ጠላ መጠጣት ክልክል፣ ጠላ መጥመቅ ግን ይፈቀዳል እንደማለት!

«ዶላር ያስገባሉ፤ መስመር ያልተዘረጋለት ትርፍ ኃይል ነው የሚበሉት» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ከ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ለአንድ ከተማ መብራት ለመቀንጠብ ትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ይጠይቃል፤ የአሶሳ መብራት የሚጠፋውም በቢትኮይን የተነሳ ነው አልልም። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ኋላ ላይ ለአዲስ ቆፋሪ ኃይል መስጠት ማቆሙን ተናግሯል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለቆፋሪው መጋዘን መስመር ለመቀጠል ጊዜም ሽቦም የተገኘው እንዴት ነው? በተገኘው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ ለግድቡ ክልል ተሠራ? ይህን ቁጥር ለሕዝብ የሚነግር ማነው?

የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ናቸው እንዳትሉኝ! እነሱ ግድቡን ከሄሊኮፕተር ያሳዩናል። ውሃው ሲዘል፣ ባለሥልጣናት ሲያጨበጭቡ፣ ባንዲራ ሲውለበለብ። ካሜራው ግን አንድ ምሽት አሶሳ ላይ ዝቅ ብሎ ሻማ የሚያበራ ተማሪ አላሳየንም። እኛን የሚያስታውሱን ለወቀሳ ሲሆን ነው። ሺሻ ቤት፣ ጫት ቤትና ፕሌይ ስቴሽን ቤት በአንድ ትንፋሽ ተጠርተው «ትውልድ የሚያጠፉ» ተብለው ታሸጉ የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰማን?

እርግጥ ጌም ሱስ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ትምህርቱን ትቶ እዚያው የሚያድር ልጅ ካለ ወላጅም ጎረቤትም ሊቆጣው ይገባል። ግን ጂቲኤ አልከፍት ብሎት «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ነው ራም ምን እንደሆነ የሚያውቀው። ካርዱን ነቅሎ አቧራውን አራግፎ የሚመልሰው፣ ዊንዶውስ የሚጭነው፣ የእንግሊዝኛ መመሪያ አንብቦ የሚረዳው እሱ ነው። ዛሬ በጥገና እንጀራቸውን የሚበሉ፣ በጌም የጀመሩ ልጆች አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ ዶሮ ከአባራሪዋ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለስልክ ሲያቀርብ፣ ያንን የሠሩት ጌም ያልተጫወቱ ሰዎች ይመስሏችኋል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል የሥልጠና ዘመቻ ታወጀ። ደግ ነው! ኮድ ግን በአየር ላይ አይጻፍም። ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ መብራት ይፈልጋል፤ ሥልጠናው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው አገር በታወከ ቁጥር ለሳምንታት ድርግም የሚል ከሆነ፣ አምስት ሚሊዮኑ ኮደር የቴሌቪዥን ላይ ኮደር ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የምንለው ይህንን ነው። ከቆፋሪዎች የተገኘው ዶላር ስንት እንደሆነና የት እንደገባ በይፋ ይነገረን። ከዚያ ገንዘብ ላይ መጀመሪያ ለግድቡ ክልል መስመርና ትራንስፎርመር ይዘርጋ፤ ጉባ፣ አሶሳ፣ ካማሺ፣ ማኦና ኮሞ ሳይለይ። ፕሌይ ስቴሽን ቤት ለማሸግ የሚወጣው ጉልበት በየወረዳው አንድ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ለመክፈት ይዋል፤ ልጆቹ ቢሹ ይጫወቱበት፣ ቢሹ ይፍቱት። ጋዜጠኛም ከሄሊኮፕተሩ ወርዶ ይምጣና ይጠይቀን።

ወርቃችን ሄደ፤ ስንሸኝ ኖርን። አሁን መብራታችን በላያችን እያለፈ ነው። ቢያንስ ሲያልፍ ፊቱን እንየው!