የላንጋኖ ዳርቻ ከመከፈቱ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በላንጋኖ ሐይቅ፣ ለእድሳት ተዘግቶ የቆየ አንድ የመዋኛ ዳርቻ ለትንሣኤ በዓል እንግዶቹን ዳግመኛ ሊቀበል መሰናዳቱን ሰምቼ እጅግ ደስ ቢለኝም፣ በዚህ ሳምንት በስፍራው ተገኝቼ ያየሁት ደስታዬን ወደ ሥጋት ለውጦታል። አሸዋው ተጠርጓል፤ ዳሶቹ አዲስ ሣር ለብሰዋል፤ ነገር ግን ነፍስ አድን ዋናተኛ፣ የሚወረወር ገመድ፣ ጥልቁ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክት ምልክት የለም። በእነዚህ ፈንታ የቆመው፣ በዚህ ዓምድ ደጋግሜ የተሟገትሁበት «በራስዎ ኃላፊነት ይዋኙ» የሚል ሰሌዳ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ በሩን የከፈተ ሁሉ ስለ ገባው እንግዳ ነፍስ ተጠያቂ ነው፤ ሰሌዳ በማቆም ከዚህ ዕዳ አይነጻም።

የላንጋኖ ውኃ በውስጡ ከሚንሳፈፈው ረቂቅ ደለል የተነሣ ቡናማ ነው፤ ብልሃርዝያ የለበትም እየተባለ ስለሚመሰገንም ዋና የማያውቀው ሳይቀር ተማምኖ ይገባበታል። እስከ ጉልበቴ ገብቼ እጄን ወደ ታች ብሰድደው መዳፌ ከዓይኔ ተሰወረ። መዳፍን የሚሰውር ውኃ፣ የሚሰጥመውን ሕፃን ለማን ያሳያል? የሚሰጥም ሰውም እንደሚታሰበው አይጮኽም፤ አፉ ለትንፋሽ እንኳ አይበቃውምና።

ጥበቃ ቢበዛ እንግዳ ይሸሻል የሚሉኝ አሉ። ልጁ የሰጠመበት ቤተሰብ ወደዚያ ዳርቻ ዳግመኛ የሚመጣ ይመስላቸዋልን?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 18 ቀን የሚውለውን ዕለት መስጠምን የመከላከያ ቀን አድርጎ ሲደነግግ፣ ነገሩ እኛንም የሚመለከት መሆኑን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። ደገኛው ወገናችን ውኃን በጥምቀት ያከብረዋል እንጂ በዋና አያውቀውም፤ ልጆቻችን ፊደል ቈጥረው፣ ሒሳብ ተምረው፣ በአንድ ገንዳ ውስጥ እንኳ ሳይንሳፈፉ አድገው፣ በበዓል ሰሞን ከሐይቅ ዳር ይደርሳሉ።

በዚያ ዳርቻ ያደገ አንድ ወጣት ግን፣ ልብሴን ሰብስቤ ስገባ ቢያየኝ፣ «ጋሼ፣ ከዚያ ድንጋይ ወዲያ አይሂዱ፤ መሬቱ ይከዳል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ወደየት እንደሚገፋም በእጁ እያመለከተ አስረዳኝ። ይህን የሚያህል ዕውቀት ያለው ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ዳርቻው ያለ ጠባቂ የሚከፈትበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም። ሠልጥኖ፣ ደመወዝ ተቈርጦለት፣ ፊሽካ በአንገቱ፣ ገመድ በእጁ ይዞ ይቁም፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ትንሣኤም ቢደርስ በሩ አይከፈት።