የፈተናችሁት አንገቱን ነው
ለተከበራችሁ የሕፃናት ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፤

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «ፀሐይ ይሙቅ» አለኝ፤ ሞቀ። ሆስፒታል የደረስነው ዘግይተን ነው። ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክደውም። የምጽፍላችሁ ግን ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነው።

ዘጠኝ ወር ሲሞላው አንድ ሐኪም ከጀርባው ቆመው አጨበጨቡ። ልጄ እጁን አወራጨ። «ይሰማል» ብለው ካርዱ ላይ ጻፉ። ልጄ እኮ ማንም ሳያጨበጭብም ይወራጫል! ሌላ ቦታ ደግሞ ቃጭል ሲያንቃጭሉለት አልዞረም፤ «አእምሮው ነው፣ አይገባውም» ተባልኩ። አንገቱን ማዘዝ የማይችል ልጅ እንዴት ብሎ ይዙር? በሁለቱም ቀን የተፈተነው እጁና አንገቱ ነበር።

እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ሲበዛ ወደ አንጎል ዘልቆ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረውን ክፍልና የመስሚያውን ነርቭ አብሮ ይጎዳል። የልጄ መወራጨት ራሱ «ጆሮውንም እዩ» የሚል ምልክት ነበር። ማጅራት ገትርም፣ ማሞቂያ ክፍል ለተኙ ሕፃናት የሚሰጠው ጀንታማይሲንም ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ሆኖም ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ዝም ካለ ዝምታው ሁሉ በአእምሮው ይሳበባል።

በአራት ዓመቱ በትንሽ መሣሪያ ጆሮው ተለካና «አለፈ» ተባለ። ያ መሣሪያ የሚለካው የውስጥ ጆሮን ነው። ቢጫ የጎዳው ልጅ ጆሮው ደኅና ሆኖ ነርቩ ድምፁን አዛብቶ ሊያደርስ ይችላል፤ በር ሲጋጭ ይደነግጣል፣ ንግግር ግን አይለይም። እኔንም ያሞኘኝ ያ በር ነው።

እውነቱ የታወቀው በአምስት ዓመቱ፣ ተኝቶ ሳለ ራሱ ላይ በተለጠፉ ሽቦዎች ነርቩ ሲመረመር ነው። ይህ ምርመራ ልጁን ዙር፣ እጅህን አንሳ አይለውም። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት መመሪያ የመጀመሪያው የመስማት ፍተሻ እስከ 1 ወር፣ ምርመራው እስከ 3 ወር፣ እርዳታው እስከ 6 ወር ይሁን ይላል።

መሣሪያው በየሆስፒታሉ እንደሌለ አውቃለሁ። ለሌለው አልወቅሳችሁም። ግን በጭብጨባ «ይሰማል» ብላችሁ አትጻፉ። «ጆሮው አልተመረመረም» ብላችሁ ጻፉና መሣሪያው ወዳለበት ላኩን።

የአንድ ልጅ እናት