ለሰባራ ድልድይ የሚመጣ እንግዳ

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው አበሳጨኝ። ስለ ቱሪዝም በተጠራ ስብሰባ ላይ ቆሞ የአማራ ክልልን መስህቦች ሲዘረዝር ላሊበላን አነሳ፣ ጎንደርን አነሳ፣ የሰሜን ተራሮችንና የጣና ገዳማትን አነሳ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ሲደርስ «እዚህ እንኳ ያለው ጤፍ ነው» ብሎ አለፈ። አዳራሹ ሳቀ። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ሰዎች የቢቸናና የሞጣ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም አልችልም።

ጤፉ ክብራችን ነው፤ እሱን የሚነካ የለም። ግን ሰውዬው በተናገረበት በዚያው ዞን ያለውን የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ምን ሊያስተምረን መድረክ ላይ እንደወጣ አልገባኝም።

የእኔ ነገር ግን ጮቄ አይደለም። የእኔ ነገር ሁልጊዜም ሰባራ ድልድይ ነው።

ከሞጣ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ያገኘዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ ጎጃምንና ቤጌምድርን አገናኘ፤ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ነጋዴውን፣ ተማሪውን፣ ሙሽራውን አሻገረ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ክፍል አፈረሱት። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ድልድዩ እንደተሰበረ ቀረ። የሁለቱ ማዶ ሕዝብ ግን ገበያውንና ዘመዱን መተው ስላልቻለ በዚህም በዚያም ጉልበተኞች ቆመው፣ ገመድ ዘርግተው፣ መንገደኛውን ወገቡ ላይ አስረው በገደሉ ላይ እየጎተቱ አሻገሩት። ይህ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ሥራ ነበር። ዋጋ ይከፈልበት ነበር፤ ሰውም ይሞትበት ነበር።

ያንን በገመድ መሻገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 አየው፤ አይቶም መተው አቃተው። በዓመቱ ሰዎች አስተባብሮ መጣና የፈረሰውን ክፍል በብረት ጠገነው። በ2005 የዓባይ ሙላት ብረቱን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ጎርፉ እንዳይደርስበት ሆኖ በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ሰውዬው በዚያው ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት ቦሊቪያና ሩዋንዳን በመሰሉ አገሮች ድልድይ ሲሠራ ኖሯል። ሩዋንዳ ውስጥ በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ከትምህርት ቤት ይቀር የነበረ ልጅ ዛሬ በደረቅ እግሩ የሚሻገረው ሞጣ ላይ በተጀመረ ሥራ ነው። ይህን የሞጣ ተማሪዎች በየክፍላቸው ሊማሩት ይገባል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ስብሰባው የተጠራው ለገንዘብ ነውና። ሰባራ ድልድይን ለማየት የመጣ ሰው ሞጣ ማደር አለበት። ሌሊት ተነስቶ ካልወረደ በረሃው ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ማታውኑ ስንቅ ያስቋጥራል፣ መንገድ የሚያሳየው ልጅ ይፈልጋል፣ በቅሎ ይከራያል። ሲመለስ ጉልበቱ ስለሚዝል ሁለተኛ ሌሊት ያድራል። የአልጋው፣ የሽሮው፣ የጠላው፣ የበቅሎው፣ የመሪው ልጅ ገንዘብ ሁሉ ሞጣ ይቀራል። መሪው ልጅ ለታናሽ እህቱ ደብተር ይገዛበታል፤ ባለ ጠላዋ ጌሾና ገብስ ከገበሬው ትገዛበታለች። አገር የሚያቆመው ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ብር ነው። ጎብኚ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በአየር ማረፊያ የገባው የውጭ ዜጋ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደጀንን አልፎ ቢቸና የሚያድረውን ያገሬን ሰው ጎብኚ ነው ብሎ የሚያስበው ጥቂት ነው።

የቢቸናን ነገር ደግሞ እዩት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. ለታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና መቼት ያደረጉት ደብር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ዲማን በልቡ ያልሳለ የዚያ ዘመን ሰው አላውቅም። የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ፣ ሰብለ ወንጌል የተቀመጠችበትን ቤት እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ አድርጎ ሠርቶታል። ጣሊያን አገር ቬሮና የምትባል ከተማ አለች። ሰው ከዓለም ዙሪያ እየተሰለፈ የጁልየትን ሰገነት ያይባታል። ጁልየት በታሪክ ያልነበረች፣ ከድርሰት የወጣች ልጅ ናት፤ ሰገነቱም የተጨመረው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ቬሮና ግን ከእሷ ትበላለች። እኛ ደብሩ በእርግጥ ያለ፣ ደራሲው በእርግጥ የተማረበት፣ መጽሐፉ በየቤቱ ያለ ሆኖ ሳለ ሰውን «ና እይ» ማለት አቅቶናል። ቢቸና ላይ የሐዲስ ዓለማየሁ ስም ያለበት አንድ የንባብ ቤት፣ ከዚያ ወደ ዲማ የሚሄድ አንድ ቋሚ መኪና፣ ደብሩን አክብሮ የሚያስጎበኝ የሠለጠነ ዲያቆን ቢኖር ይበቃ ነበር። ሚሊዮኖች የሚፈስሱበት ሪዞርት አልጠየቅንም።

«ቅርስ አይበላም» የሚሉ አሉ። ለእነሱ ብዙ ጊዜ አላጠፋም፤ ዲማ ሄደው የቆሎ ተማሪዎችን ይጠይቁ። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ ቅኔ ፍለጋ በእግሩ የመጣ ልጅ በዚህ አገር ኖሯል። ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ገበሬው ከጎተራው፣ እማወራዋ ከመሶቧ አካፍላዋለች። ያ ልጅ ተመርቆ ሲሄድ የኔታ የሰጡትን እውቀት ይዞ በየአገሩ ደብር አገልግሏል፣ ጽፏል፣ ዳኝቷል። ራሳቸው ሐዲስ ከእንዲህ ያለ ትምህርት ወጥተው ነው ሚኒስትርና አምባሳደር የሆኑት። መንግሥት አንድ ሳንቲም ያላወጣበት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ወጪውን የቻለው የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ነው።

እንግዳን መቀበል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበሩ፤ ከእስላም ቤት ተወልደው፣ ንግሥት ሆነው፣ በጎጃም ርስታቸው ላይ ያን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። ሞጣ ጊዮርጊስም ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ጋር ስሙ የተያያዘ ነው፤ እሷም ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወጥታ ለጎጃም የተዳረች ሴት ናት። ድልድዩን ያቆመው የኖራ ግንብ ጥበብ ከባሕር ማዶ በመጡ ሰዎች እጅ የገባ ነው። የምንኮራበትን ሁሉ አንድ በአንድ ብንፈታው ውስጡ ከሌላ አገር የመጣ ሰው እናገኛለን።

ይህን ስጽፍ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ። እነዚያ ነጋዴዎች እንግዳ እንኳ አልነበሩም፤ የከተማዋ ልጆች ናቸው። የሞጣን ገበያ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ጋር ሲያገናኙ፣ ለገበሬው በዱቤ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ጎረቤቱን ያቃጠለ ሰው ጎብኚ ሊጠራ አይችልም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቅርስ አብሮ የመኖሩ ነገር ነው፤ ስለ ቱሪዝም በሚጠራ ስብሰባ ሁሉ ይህ ከሆቴል ኮከብ በፊት መነሳት አለበት።

ሌላው የማይነሳው የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው። የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ወጣት ትናንት ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርድ ነበር። ዛሬ እህቱ ጅዳ ናት፣ ቤይሩት ናት። እሷ በሰው ቤት ጉልበቷን አፍስሳ የላከችው ሐዋላ የወንድሟን ትምህርት ይከፍላል፣ የእናቷን ጎጆ ወደ ቆርቆሮ ቤት ይለውጣል፣ አገሪቱም የውጭ ምንዛሬዋን ከእሷ ታገኛለች። ቡና ላኪ ይሸለማል፤ እሷን የሚሸልም አላየሁም። ለእረፍት ስትመጣ አዲስ አበባ ሰንብታ፣ እናቷ ዘንድ ጥቂት አድራ ትመለሳለች። አረብ አገር ያለች እመቤቷ ስለ አገሯ ስትጠይቃት ስለ ሰባራ ድልድይ የምትነግራት ነገር የላትም፤ ማንም አላሳያትምና። የመጀመሪያዋ ጎብኚያችን እሷ መሆን ነበረባት። ለጓደኞቿ የምታወራው፣ ልጆቿን የምታመጣው፣ ነገ አጠራቅማ ሞጣ ላይ አልጋ ቤት የምትከፍተው እሷ ናት።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የሆነውን ታውቃላችሁ። መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በቀረበት አገር ስለ ጎብኚ መጻፍ ቅንጦት የሚመስላቸው ይኖራሉ። እኔ አይመስለኝም። ጦርነቱ ያቆመው ጎብኚውን ብቻ አይደለም፤ ባለ በቅሎውን፣ ባለ አልጋዋን፣ የሹፌሩን ረዳት፣ ቅኔ ፍለጋ የሚመጣውን ልጅ ጭምር ነው። ሰላም ሲባል የጠመንጃ ዝም ማለት ብቻ እየታሰበ ከሆነ ተሳስተናል። ተማሪው ዲማ ሲደርስ፣ የማዶው ሰው ሞጣ ገበያ ውሎ በጊዜ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው ሰላም መጣ የምለው።

ያንን በስብሰባው ላይ የተናገረ ሰውዬ የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ሲደርስ ዲማን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ሞጣ ጊዮርጊስን፣ ሰባራ ድልድይን በስማቸው ይጥራቸው። ከወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀምጦ ከደጀን እስከ ሞጣ ያለውን መስመር አንድ የጉብኝት መንገድ አድርጎ ካርታ ላይ ያስፍረው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጎብኚውን የሚመራው ልጅ፣ የሚነበበው ጽሑፍ፣ የሚያድርበት አልጋ ዝግጁ ይሁን፤ ይህ ሥራ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም።