ዘይቱን ማን አስወደደው?

 

ዛሬ የማወጋችሁ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ንፋስ መውጫ ላይ፣ ቡና እየተፈላ የሰማሁትን ክርክር ነው። ቤቱ የአንድ የማውቃቸው ባለ ሱቅ ሐጂ ቤት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩም ይቅር። ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና መኮሮኒ ይሸጣሉ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትልቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የገዢው ፓርቲ አባል ነው። ታናሹ መምህር ነው። የማንም ፓርቲ አባል አይደለም፤ ሆኖም መንግሥትን የሚያወግዝ ሁሉ ወዳጁ ነው። አንዲት ሴት ልጃቸው ደግሞ ጅዳ ትሠራለች።

ነገሩን የጀመረችው ባለ አምስት ሊትር ዘይት ናት። እናትየው ስኒ እያጠቡ «ዘይቱ ካለፈው ሳምንት ደግሞ ጨመረ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ግን ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ ወንድማማቾች አልተነፈሱም።

ትልቁ ጀመረ። «ዕዳውን ማን ተበደረው? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የዘረፉት አይደሉም? ጦርነቱንስ ማን ለኮሰው? ማዳበሪያውና ነዳጁ በዩክሬን ጦርነት ሰበብ በዓለም ሁሉ አልተወደደም? ደግሞ ይኼ ስግብግብ ነጋ...» ካለ በኋላ አባቱን አየና ቃሉን በቡና አወራረደው። ታናሹ ወዲያው ተቀበለው። «ቤተ መንግሥትና መናፈሻ ማን ይሠራል? በየከተማው ሱቅ አፍርሶ መብራት የሚተክለው ማን ነው? ብሩንስ ለአይኤምኤፍ ብሎ ገደል የጨመረው ማን ነው? አንተ ስብሰባ ላይ የተነገረህን ነው የምትደግመው።» አንደኛው «ጽንፈኛ» አለ፤ ሁለተኛው «ካድሬ» አለ። በአንድ ትሪ እየበሉ ያደጉ ልጆች!

እኔ በዚያ ቀን ዝም ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ግን የሁለቱንም ሙግት ስለማውቀው፣ በየቤታችሁም ሳይኖር እንደማይቀር ስለምገምት፣ ዝም አልልም።

በመጀመሪያ፣ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር የኑሮ ውድነት ተከሳሽ ሁልጊዜ ወይ የሞተ ነው፣ ወይ የሸሸ ነው፣ ወይ መናገር የማይችል ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ለረኀቡም ለድህነቱም የከሰሰው ወደ ከርቸሌና ወደ መቃብር የሸኘውን ሥርዓት ነበር። ኢሕአዴግ ሲመጣ ተረኛው ተከሳሽ ደርግ ሆነ። ለሃያ ዓመት ያህል በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር የኖረው ዶላር በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲገባ የተሰጠው ምክንያት ከደርግ የወረስነው የተንኮታኮተ ኢኮኖሚ ነው የሚል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ከአንድ ቀን በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ 100 ብር ሲሻገርስ? ከኢሕአዴግ የወረስነው የተዛባ ኢኮኖሚ ተባለ። ወራሹ ተለዋወጠ እንጂ የክሱ ወረቀት ያው ነው። በሁለቱም ጊዜ ሐኪሙ አይኤምኤፍ፣ መድኃኒቱም ብርን ማርከስ እንደነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

«ያለፈው ሥርዓት አልበደለም እያልህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። በድሏል እንጂ! በ2007 ዓ.ም. ኅዳር መንግሥት ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። ስኳር ፋብሪካዎቹ በተባሉበት ጊዜ አልደረሱም። ለያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ቢሊዮኖች ብር ፈስሰው ፋብሪካው ሳያልቅ ቀርቷል። የጋይንት ገበሬ ዛሬም ማዳበሪያውን ከባሕር ማዶ ነው የሚጠብቀው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ካቢኔ ውስጥ ማን ተቀምጦ ነበር? በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ሲመሠረት ከሰማይ አልወረደም። ከአራቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች ሦስቱ፣ የራሳችን ክልል ፓርቲ ጭምር፣ አጋሮቻቸውን ይዘው ስም ለውጠው የገቡበት ነው። አራተኛው፣ ሕወሓት፣ ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ደግሞ የበላዩን ወንበር ይዞ እንዳልነበረ ይመስለዋል። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ አገሪቱ የዚያን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቅቷት ቀረች። አንዱ መንግሥት ፈረመ፣ ሌላው ሳይከፍል ቀረ፤ በሁለቱም ጊዜ እጃቸውን እያወጡ ያጸደቁ ሰዎች ግን አሉ።

ለታናሹም የምለው አለኝ። መናፈሻውና ኮሪደሩ ያስቆጣል፤ እኔንም ያስቆጣኛል። በተለይም ወጪው ተዘርዝሮ በሕዝብ ፊት ስለማይቀርብ። ሆኖም ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ያስራበው መናፈሻ አይደለም። ሴፍቲኔት እነዚህን ወረዳዎች መመገብ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኮሪደር የሚባል ነገር በማን አፍ ነበር? ከዚያም በፊት በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ሽማግሌዎች ይነግሩናል። አፈሩ ታጥቦ ያለቀ፣ መሬቱ ለልጅ ልጅ ተከፋፍሎ ጥማድ በሬ የማያዞር አገር ነው። ጎልማሳው መከር ሲደርስ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ካልወረደ ዓመቱን የማይዘልቅ ቤት ስንት አለ! ይህን የቆየ ቁስል የአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥራ ብቻ አድርጎ ማውራት ለተናጋሪው ያመቻል፤ ለገበሬው ግን ምንም አይፈይድም።

ስለ ምንዛሬው ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ የጅዳዋ ልጅ የምትልከው ሪያል በባንክ በኩል ሲመጣ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የመምህሩ ደመወዝ ግን ያው ነበር፤ በኋላ የተደረገውን ጭማሪም ገበያው ቀድሞ በልቶታል። በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ውሳኔ ለእህት ጠቀመ፤ ወንድምን ጎዳ። እናም ትልቁ ልጅ የእህቱን ገንዘብ እያነሣ «ማሻሻያው ሠራ» ይላል። ታናሹ የራሱን ኪስ እየዳበሰ «አገር ፈረሰ» ይላል። የፓርቲ እምነት የሚመስለን ነገር ብዙ ጊዜ የኪስ ነገር ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ የሚያየው ግን የራሱን ጎን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አባትየው እመጣለሁ። ትልቁ ልጅ ጀምሮ የዋጣት ያቺ ቃል፣ «ስግብግብ ነጋዴ» የምትለዋ፣ ከሁሉም የበለጠ ታሳስበኛለች። ገዢና ተቃዋሚ በምንም ላይ ሳይስማሙ በእርሷ ላይ ይስማማሉና። ደርግ «የኢኮኖሚ አሻጥር» እያለ ነጋዴ ረሽኗል። በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አማካይነት ከገበሬው በኮታ እህል በርካሽ ሲወስድ፣ በየመንገዱም ኬላ ተክሎ የነጋዴን ጭነት ሲያግድ ኖሮ፣ በ1982 ዓ.ም. ራሱ ተወው። ኢሕአዴግ በ2003 ዓ.ም. በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በተለቀቀ ማግሥት ደግሞ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ በርካታ ሱቆች ታሸጉ። እስቲ አስቡት፤ ብሩን ግማሽ ያደረገው አዋጅ በቴሌቪዥን እየተሞገሰ፣ ዋጋ የለወጠው ባለ ሱቅ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል!

ይህ ነገር እኛን ለምን ልዩ አድርጎ እንደሚነካን ታውቃላችሁ። በዚህ በጎንደር አገር አባቶቻችን ንግድንና ሽመናን የያዙት መርጠው አይደለም። እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ስለተነፈጉ ነው። መሬት የተከለከለ ሰው ሚዛን ያዘ። ዛሬ «ነጋዴው አስራበን» የሚል ወሬ በገበያ ሲነዛ የማን ሱቅ ቀድሞ እንደሚጠቆም ልነግራችሁ አያስፈልገኝም።

ከእኛ መካከል የሚያከማች የለም እያልሁ ግን አይደለም። አለ! ዘይት በመጋዘን ቆልፎ «አልቋል» የሚል፣ ከዚያም ዒሻ ሲሰገድ ከፊት ሰልፍ የሚቆም እናውቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ ይተምኑልን ተብለው ሲጠየቁ በማንም ሀብት ላይ በደል ይዘው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይሹ ገልጸው አለመተመናቸውን፣ የሚያከማቸውን ግን ኃጢአተኛ ማለታቸውን ከኡለሞቻችን ሰምተናል። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይገባል። አከማቺ ይጠየቅ፤ በስሙ፣ በመጋዘኑ፣ በማስረጃ። ነገር ግን አከማቺ የሚያከማቸው ነገ ገንዘቡ እንደሚረክስ ስላወቀ ነው። ገንዘቡን ያረከሰው እርሱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ35 በመቶ ሲያልፍ ብር ያትምና ለመንግሥት ያበድር የነበረው የንፋስ መውጫ ቸርቻሪ አልነበረም።

ሁለቱ ልጆች የዘለሉት ዋናው ነገር መንገዱ ነው፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ አሁንም ድረስ «የቻይና መንገድ» የምንለው። ከተማችን በንፋስ ስም ተጠራች እንጂ የምትኖረው በዚህ መንገድ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ሱቅና ጤና ተቋም ተዘረፈ፤ በእህቶቻችን ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ኅዳር ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። ሱቁ ያን ጊዜ ባዶ የሆነበት ሰው ዛሬም የሚነግደው በብድር ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ፣ በክልላችን በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ ተከፈተ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሌላ ሳምንት ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ ዘይቱ ይወደዳል፤ የገበሬው ድንች ደግሞ ገዢ አጥቶ በማሳው ይረክሳል። አንድ ሰው በሸመታም በሽያጭም በአንድ ቀን ይከስራል። ቤንዚኑ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከ50 ብር በታች የነበረው በጥር 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ ሾፌሩ የነፍሱን ዋጋ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ። ለዚህ ውድነት ትልቁን ድርሻ የማስቀምጠው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጦርነቶች ላይ ነው። ጦርነቱን ማን ጀመረ የሚለው የራሱ ሙግት አለው። ጥይቱ በምን ገንዘብ ተገዛ፣ መንገዱን ማን ዘጋ፣ ኬላው ላይ ማን ተቀበለ የሚለው ግን ለሁሉም ታጣቂ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገቡን የያዘው ነው። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ «ያልተወራረደ ሒሳብ» ይላል። በኢሕአዴግ ጊዜ ይል ነበር፤ በብልጽግናም ይላል። ትልቁ ልጅ በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ ይህን ይጠይቅ እንደሆነ ልየው! ታናሹም መንገድ የሚዘጋውን ወገን «አንተስ?» ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ ልየው! የሚጠይቁት እርስ በርሳቸው ነው። ምክንያቱም ወንድምን መጠየቅ አያሳስርም፤ አያስገድልም።

በዚያ ቀን ከመውጣቴ በፊት ሐጂ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡ። የተገዛበት ዋጋ፣ ኪራይ፣ ማውረጃ ተጽፎበታል። ከዚያ ደግሞ «መንገድ» የሚል ብቻውን የቆመ ቃል አለ፤ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ። ትልቁ እንዲያነብ ሰጡት፤ ታናሹ በስልኩ ደመረ። ከአንዱ ዘይት ለሱቁ የተረፈው የአንድ ኪሎ ጨው ዋጋ አይሞላም ነበር። ትልቁ «መንገድ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባትና «ይኼ ለማን የተከፈለ ነው?» አለ። አባቱ ደብተሩን ተቀበሉት። «አንድ ጊዜ ለነዚያ፣ አንድ ጊዜ ለነዚህ» አሉ።

እናትየው ተነሥተው ከመደርደሪያው አንዱን ዘይት አወረዱ። ሐጂ እስክርቢቶ ፈልገው «ለቤት» ብለው ጻፉ፤ ቀኑንና ዋጋውን ጨምረው።