የትንፋሽ ሒሳብ

የካኩማ አቧራ እንደ ልማዱ ደህና ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ በየጊዜው ትቀራለች። ምነው ስንላት «እማዬን ክሊኒክ ላስተረጉምላት ሄጄ ነው» ትላለች። እናቷ አስም አለባቸው። በቅርቡ ግን ልጅቱ በሌሊት በራችንን አንኳኳች። ስንደርስ እናትየው ቁጭ ብለው ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ኢንሄለራቸውን፣ ማለትም የሚሳበውን መድኃኒት፣ ደጋግመው ይጫኑታል። «ፍስስ» ይላል፤ ለውጥ ግን የለም። ጎረቤት ተረባርቦ ክሊኒክ አደረስናቸው፤ ተመስገን ተረፉ። ነርሷ መቼ እንደ ተጀመረ ጠየቀች፣ ቀኑን ቆጠረችና «ይኼ እኮ ካለቀ ቆይቷል» አለች። ሲወጣ የነበረው ባዶ ጋዝ ነው።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ኢንሄለሮች 200 ጊዜ የሚጫኑ ናቸው። መቁጠሪያ የሌላቸው አሉ፤ በመነቅነቅም መጨረሱን ማወቅ አይቻልም። ጠዋት 2፣ ማታ 2 የታዘዘለት ሰው በቀን 4 ይጫናል። 200 ለ4 ሲካፈል 50 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በጀመሩበት ዕለት ሞባይሉን ከፍቶ በ40ኛው ቀን እንዲያስታውስ መሙላት ነው። 10ሩ ቀን ለወረፋ ይሁን። ለዚህ ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ ባለ ቁልፏም ደወል አላት።

ደወሉ ሌላም ጥቅም አለው። በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ሕመም ባይኖርም አይቋረጥም። ብዙዎቻችን ግን «ተሽሎኛል» ብለን እንተወዋለን። ሳልቡታሞል የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ ሲያፍን የሚወሰድ ማስታገሻ ነው፤ የመከላከያውን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛው የስልክ ሥራ መመዝገብ ነው። ሌሊት ያነቃን ቀን፣ ማስታገሻ የወሰድንበት ቀን፣ ነፋስ ወይም የእንጨት ጭስ የነበረበት ቀን በአጭር መልእክት ቦታ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ማስታገሻ ያስፈለገው ሰው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለምና ለሐኪም ይንገር። ሐኪሙ አማርኛ ባይችልስ? ቁጥሩን ያሳዩት። ቁጥር ብዙ ማስተርጎም አይፈልግም፤ ልጅም ከክፍል አያስቀርም።

ካሜራ ያለው ስልክ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒቱን ስንወስድ አስቀርጾ ለነርሷ ማሳየት ነው። መነቅነቅ፣ አየር ማስወጣት፣ እየተጫኑ በዝግታ መሳብ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ። ችኩል ሰው ግን መድኃኒቱን ለጉሮሮው እንጂ ለሳንባው አያደርሰውም።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 አስምና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በሞባይል መልእክት ስለ መርዳት መመሪያ አውጥተዋል። ክሊኒካችሁ በስልክ የሚያማክር ከሆነ ቁጥሩን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ስትነጋገሩም ድምፁን ለሠፈር አትልቀቁት፤ ሕመም የባለቤቱ ምስጢር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻው ካልያዘለት፣ ያኔ የምክር ስልክ ጊዜ አይደለም። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ ማስታገሻውን እየሰጡ፣ ባለው መጓጓዣ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው። ስልክ ጭስም አያጠፋም፤ የሚቻለው ሰው ከቤት ውጭ ያብስል፣ በሽተኛውንም ከምድጃ ያርቅ።

ተማሪያችን የእናቷን ስልክ ራሷ ሞልታዋለች። ማታ ሲጮህ «የሒሳብ መምህርሽ ደወሉ» ይሏታል አሉ። ከዚያ ወዲህ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

እናንተስ? የቤታችሁ ኢንሄለር መቼ ተጀመረ? ይህን ጋዜጣ ሳታስቀምጡ ቁጠሩት።

ቸር ያሰንብተን።