ጳጉሜን ደመወዝ የላትም

የበዓል ሰሞን ግርግር በተነሳ ቁጥር ጥፋተኛ የሚደረገው ሸማቹ ነው። «ሕዝቡ ለምን ቀደም ብሎ አይገዛም?» ይባላል። ቴሌቪዥኑም በዋዜማው ሾላ ወይም መርካቶ ላይ ካሜራውን ተክሎ «ገበያው ደርቷል» ሲል ያመሻል። ጋዜጠኛው የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዷ «ካምናው ይሻላል» ትላለች፣ ሌላው «ኧረ አልተቻለም» ይላል፣ መልካም በዓል ተባብለው ይለያያሉ። ያ ሁሉ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ለምን እንደተጠራቀመ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

መልሱ የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያው ነው። ኢትዮጵያ 13 ወር አላት፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለ12ቱ ነው። የነሐሴን ደመወዝ የተቀበለ ሠራተኛ የመስከረሙ እስኪመጣ ድረስ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 36 ቀን በዚያችው ብር መቆየት አለበት። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የቤት ኪራይ አለ። የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። እንቁጣጣሽ አለ። መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ገንዘቡ እጁ ሲገባ መጀመሪያ አከራዩን ይከፍላል፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን፣ የተረፈችውን ይዞ የመጨረሻዋን ቀን ይጠብቃል። ምናልባት ዋጋው ይወርድ ይሆናል፣ ምናልባት ከሆነ ዘመድ ብድር ይገኝ ይሆናል። የቀን ሠራተኛው እንዲህ የማመንታት ዕድል እንኳን የለውም፤ ዶሮዋን የሚገዛው የዋዜማውን የቀን ሂሳብ ከተቀበለ በኋላ ነው። ዋዜማ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚታየውን ግፊያ ስንፍና ነው የሚል ሰው የእነዚህን ሰዎች ኪስ አያውቅም።

ደግሞስ ቀድሞ ይግዛ ቢባል ምኑን ይገዛል? ዶሮ የሚገዛው በሕይወቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለአንድ ሳምንት የት ታስሮ ይቀለባል? ፍሪጅ የሌለው ቤት ሥጋ አስቀድሞ አያስገባም። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ጤፉ ቀደም ብሎ ሊገዛ ይችላል፤ እሱም ቢሆን በጅምላ የሚገዛበት ገንዘብ ላለው። የሌለው ሰው የሚገዛው በችርቻሮ ነው፤ ያውም ሁሉም በሚገዛበት በውዱ ሰዓት።

ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል። ይህ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ኪስ አውላቂውን ነው። ኪስ አውላቂውማ ትንሹ ሌባ ነው። በአዘቦት ቀን ቅቤ የምትገዛ እናት በጣቷ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ካልጣማት ወደ ቀጣዩ መደብ ትሄዳለች። ሙዝ ወይም ዘይት የተደባለቀበትን ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የገባበትን በርበሬ ለይታ የምታውቀው በዚህ ነው። በዋዜማው ግን ከኋላዋ አሥር ሰው ይገፋታል፣ ሻጩ «እሙዬ ትገዢያለሽ አትገዢም?» ይላታል፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ቤት ደግሞ ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን የምታይበት ጊዜ የላትም። ዶሮውማ ሲጀመር ሚዛን ላይ አይወጣም። ክንፉን አንስቶ፣ ደረቱን ዳብሶ በግምት ነው። የታመመውንም ሆነ በግድ ውኃ ያጋቱትን እዚያ ሁካታ ውስጥ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ዋጋው ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱፐርማርኬቶች በአብዛኛው ይለጥፋሉ። ጉልት ላይ ግን ዋጋው የተጻፈው በገዢው ፊት ላይ ነው፤ ጫማው ይታያል፣ አነጋገሩ ይደመጣል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይጠራል። ከውጭ የመጣ ዲያስፖራ ከሆነ ይብስበታል።

ቢሆንም ቸርቻሪውን ብቻ መውቀስ የበዓል ሰሞን የሹማምንት ልማድ ነውና እዚያ ላይ መቆም አይገባም። ዶሮዋ ከገጠር ተነስታ ሾላ እስክትደርስ በስንት ደላላ እጅ እንደምታልፍ ነጋዴው ያውቃል፣ ተቆጣጣሪውም ያውቃል። ነዳጅ አለ፣ ኬላ አለ። እንቁጣጣሽ የሚውለው በክረምቱ ማብቂያ ነው፤ ሽንኩርት በዚያ ወቅት ይበላሻል፣ የገጠሩ መንገድም ጭቃ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዘይት በምን ዋጋ እንደሚደርስ ቸርቻሪው አይወስንም። ቄጤማ የምትሸጠው ሴትዮማ ከሁሉም የባሰባት ናት፤ በበዓሉ ጠዋት ያልተሸጠ ቄጤማ እኩለ ቀን ላይ የከብት መኖ ነው። እሷም የምትጮኸው፣ የምትጋፋው ያቺ አንዲት ቀን ስላለቻት ነው።

ከኪስ የከፋም አለ። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዓመታት ገበያው ከአራዳ ወደዚያ ሲዛወር የታሰበችው ከተማ የዛሬዋን አዲስ አበባ አታክልም ነበር። ዛሬ በአንድ ጠባብ መንገድ የሚያራግፈው አይሱዙ፣ ኩንታል ተሸክሞ «ዞር በሉ!» የሚለው ወዛደር፣ ለክፍለ ሀገር ሱቁ በጅምላ የሚገዛው ነጋዴና ለልጇ ቀሚስ የምትፈልገው እናት እኩል ይተላለፋሉ። በአዘቦቱ ቀን እንኳን ይጨንቃል። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ እሳት ሲነሳ የመንገዱ ጥበት ማጥፋቱን እንዳከበደው በወቅቱ ተነግሯል። ያ እሳት የተነሳው ጳጉሜን 5 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በየት ይወጣ ነበር? የበዓል ሰሞን ለጭነት መኪና የሚገቡበትን ሰዓት መገደብ፣ ጥቂት መንገዶችን ለእግረኛ ብቻ መተው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ለሩጫና ለሰልፍ መንገድ መዝጋት የለመደ ከተማ ነው።

በየበዓሉ «በቂ ምርት ቀርቧል» የሚል መግለጫ ይወጣል። ምርቱም አንዳንዴ በእርግጥ ይቀርባል። ችግሩ የሚቀርብበት ጊዜ ነው። ዘይትና ስኳሩ ሸማቾች ማኅበሩ ሱቅ የሚደርሰው በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሆነ ያው ሰልፍ ነው፤ ሰልፉ ላይ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ መቆም የሚችል ሰው ይቀድማል። ጡረተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ከሥራ ፈቃድ ያላገኘው ሠራተኛ «አልቋል» የሚለውን ይሰማሉ። የእሁድ ገበያ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው፤ ገበሬውንና ሸማቹን በመጠኑም ቢሆን አቀራርቧል። ግን በዓሉ ረቡዕ ቢውል የእሁዱ ገበያ ድንኳኑን ነቅሎ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀኑ የሚራዘምበት ጊዜ አለ፤ በሹም በጎ ፈቃድ ከሚሆን በየበዓሉ የታወቀ ደንብ ቢሆን ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይጋፉ ሰዎችም አሉ። ቅርጫ የሚገቡት ናቸው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ በዓሉ ሲቃረብ ገበያ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ተልከው በሬውን ይገዛሉ፣ በጠዋቱ ይታረዳል፣ በመደብ ይመደባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። እነዚህ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ደመወዝ የላቸውም። ያላቸው አስቀድሞ የተጠራቀመ ገንዘብና የሚተማመኑበት ጎረቤት ነው። ዕቁቡም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

የሸማቾች ማኅበራት ይህንን መቅዳት ይችላሉ። አባላት በየወሩ አቅማቸው የፈቀደውን ያስቀምጣሉ፤ ማኅበሩ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ጤፉን ወቅቱ ሲደርስ ከገበሬው ማኅበር በጅምላ ይገዛል፤ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በስም ዝርዝር ያድላል፣ በየቀኑ የተወሰነ ሰው ብቻ እየጠራ። አባሉ ዋዜማ ላይ የሚቀረው ዶሮውና ቄጤማው ብቻ ይሆናል። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ማኅበራቱ ሱቅ አላቸው፣ መዝገብ አላቸው፣ አባላቱም በየሰፈሩ አሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝ ሲወጣ የተጀመረ መዋጮ ለገና ይደርሳል።