የበረሃውን አምባ የቀረጸው ማን ነው?

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ በረሃ ከተነሣ መልሱ ምን ጊዜም አንድ ነው፤ ነፋስ። ድንጋዩን የሞረደው ነፋስ፣ አምባውን የጠረበው ነፋስ! በበኩሌ ይህን መልስ ይዘን ወደየትምህርት ቤቱ ባንበተን እመርጣለሁ። ነገ የምናስተምረው ልጅ ቃላችንን በደብተሩ ገልብጦ ለታናሹም ያስጠናዋል።

አንድ ቦታ እንውሰድ። በአሜሪካ፣ በዩታ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በካንየንላንድስ ውስጥ «የሰማይ ደሴት» የሚሉት የአሸዋ ድንጋይ አምባ አለ። መጻሕፍቱ «ሜሳ» ይሉታል፤ በእስፓኝ ቋንቋ ጠረጴዛ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ወገን ግሪን፣ በሌላው ኮሎራዶ የተባሉት ወንዞች ከሥሩ ይፈሳሉ። ከቀረው ምድር ጋር የሚያያዝበት አንገት 12 ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። የኛ አባቶች ቢያገኙት ኖሮ በር ገጥመው ምሽግ ያደርጉት ነበር!

በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የዓመቱ ዝናብ 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ታዲያ በዚህች ውሃ ምን ይቀረጻል? ብዙ ነገር። ዝናቡ በበጋቸው ማብቂያ በድንገት ዱብ ሲል መሬቱ ራቁት ድንጋይ ስለሆነ የሚይዘው የለም፤ ጎርፍ ይሆናል። በክረምታቸው ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እንደ ሽብልቅ ድንጋዩን ይፈልጠዋል። ከገደሉ ሥር ያለው ንብብር ለስላሳ ነው፤ እሱ ታጥቦ ሲሄድ የላይኛው መቆሚያ ያጣና ተገምሶ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት አምባው ከጎኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠንካራው ክዳን እስካለ ድረስ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይቆያል።

ነፋስም ሥራ አልፈታም። ገደል ሆኖ የቆመው የአሸዋ ድንጋይ ራሱ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ የከመረው የአሸዋ ክምር ነበር። ከማሪው ነፋስ፣ ቆራጩ ውሃ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ይኼ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ነፋስ ብሎ ማለፍ ነው እንጂ» ይላሉ። አልስማማም። የአባቱን ማሳ ቦይ ሲበላው የሚያይ ልጅ የውሃን ጉልበት ቢማር ምን ይበዛበታል? ደግሞስ አምባን ከኛ አገር ልጅ ይበልጥ ማን ያውቃል? የገራልታን የአሸዋ ድንጋይና የመቅደላን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብናነጻጽርለት፣ ሁለቱም አናታቸው ለጥ ያለ ሆኖ ድንጋያቸው ለምን እንደተለያየ ራሱ ይጠይቀናል።

የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም እንዳይባል፣ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሣር ወደሌለበት ግቢ መውጣት ነው። እያንዳንዷ ጠጠር ከሥሯ ያለውን አፈር ከልላ በትንሽ ዓምድ ላይ ቆማ ትገኛለች፤ ዙሪያዋ ታጥቦ ሄዷል። ልጆቹን አስጎንብሶ ማሳየት ከዚያ ወዲያ የመምህሩ ፈንታ ነው።